መስኮቱ ሲለጠጥ የቱ ይሻላል? ትኪንተር፣ ፓይሳይድ፣ ዊንፎርምስ ወይስ ደብሊውፒኤፍ

አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለች። ፎቶ ኮፒ ይነሳባታል፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጥባታል። የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼላቸው የጫንኩ ዕለት ባለቤቷ አጠገቤ ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። የዕቃው ስም ገባ፣ ብዛቱ ገባ፣ ዋጋው ገባ። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ቃኙት።

«ልጄ፣ ‹መዝግብ› የምትለዋ የታለች?»

የለችም። ፕሮግራሙን የሠራሁት ቤቴ ባለው 1920 በ1080 ስክሪን ላይ ነው። በተኗን (የምትጫነዋን ቁልፍ) ከላይ 840 ፒክስል አውርጄ ነበር ያስቀመጥኳት። የእሳቸው ላፕቶፕ ደግሞ 1366 በ768 ነው። 768 ላይ ስክሪኑ ያልቃል፤ በተኗ ከዚያ በታች ቀርታለች። ማክሲማይዝ አደረግኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ለእያንዳንዱ ነገር ቦታውን በቁጥር ስለቸነከርኩት ምንም ቢደረግ አይንቀሳቀስም። እትዬ ምንም አላሉኝም፣ ሻይ አዘዙልኝ። እኔ ግን በጣም ነው ያፈርኩት።

ትኪንተር፣ ፓይሳይድ፣ ዊንፎርምስና ደብሊውፒኤፍ የፕሮግራም መስኮት የሚሠራባቸው መሣሪያዎች ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእነሱ አንዱን ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፤ መስኮቱ ሲጠብና ሲሰፋ ውስጡ ያለው ነገር ምን ይሆናል? ሶፍትዌር የምትሠሩም ሆናችሁ የምታሠሩ፣ ይህ ጥያቄ ከመልክና ከቀለም በፊት ይምጣ።

እኛ ከተማ ጉዳዩ ይብሳል። ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ያሉ ሱቆችን ብትዞሩ የአንዱ ኮምፒውተር ከሌላው አይገጥምም። አራት ማዕዘን የሆነ አሮጌ ሞኒተር አለ፣ ትንሽ ላፕቶፕ አለ። አዲስ ላፕቶፕም ቢሆን ያታልላል። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ዊንዶውስ ላይ ስኬሉ (ጽሑፍና ምስል የሚያጎላው ቅንብር) 150 በመቶ ከተደረገ፣ ለፕሮግራሙ የሚተርፈው ቦታ 1280 በ720 ያህል ብቻ ነው።

በዚያ ላይ አማርኛችን አለ። በእንግሊዝኛ በሦስት ፊደል የሚያልቀው «ቫት» በወጉ ሲጻፍ «የተጨማሪ እሴት ታክስ» ነው። «ቲን» ደግሞ «የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር» ይሆናል። ፎንቱም አንድ አይደለም። ዊንዶውስ 7 ላይ አማርኛው ብዙ ጊዜ በኒያላ ይታያል፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን በኢብሪማ። የሁለቱ ስፋት ይለያያል። እኔ ኮምፒውተር ላይ ልክክ ያለው ጽሑፍ ሌላው ጋ ተቆርጦ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ስፋትን በቁጥር መቸንከር እኛ ጋ አያዋጣም።

ትኪንተር

ፓይተን ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር አብሮ ይመጣል፣ የሚከፈልበት ነገር የለም። ቦታ የሚያዝባቸው ሦስት መንገዶች አሉት፤ ፓክ፣ ግሪድና ፕሌስ። ፕሌስ የኔን ስህተት የምትደግሙበት መንገድ ነው፣ ተዉት። ለመመዝገቢያ ቅጽ የሚሆነው በረድፍና በዓምድ የሚደረድረው ግሪድ ነው።

ብዙ ሰው ትኪንተርን «አይለጠጥም» ብሎ ያማዋል። ይለጠጣል፤ ግን ካልነገራችሁት አያደርገውም። የግሪዱ ዓምዶችና ረድፎች ክብደት፣ ማለትም ዌይት፣ ሲነሳ 0 ነው። መስኮቱ ሲሰፋ ትርፉን ቦታ የሚወስድ ዓምድ የለም ማለት ነው። ለሠንጠረዡ ዓምድና ረድፍ 1 ስጡት። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ክፍሉ ይሰፋል፣ ዊጀቱ (በተኑ፣ ሳጥኑ ወይም ሠንጠረዡ) ግን መሐሉ ላይ እንደነበረ ይቀራል። ስቲኪ በሚባለው ከአራቱም ግድግዳ ጋር ስታጣብቁት ነው አብሮ የሚዘረጋው። ሁለቱን አንድ ላይ ያልያዘ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ይውላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በአንድ ፍሬም (ዊጀቶች በሚቀመጡበት መያዣ) ውስጥ ፓክንና ግሪድን አትቀላቅሉ። በድሮዎቹ ቅጂዎች ፕሮግራሙ እንዳለ ይደርቅ ነበር፤ ትኪንተር የቆመበት ቲኬ ከ8.6 ጀምሮ ስህተት ብሎ ይነግራችኋል። ትላልቅ ስክሪኖች ላይ ጽሑፉ ብዥ እንዳይልም የስክሪኑን ስኬል ራሳችሁ በኮድ ማስተናገድ አለባችሁ። አንድ ሁለት ገጽ ላለው ፕሮግራም እመክረዋለሁ። ከዚያ በላይ ሲሆን ያደክማል።

ፓይሳይድ

ይህም በፓይተን ነው የሚሠራበት፤ እኔ የማደላው ለዚህ ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ ዊጀት የሚመቸውን መጠን ራሱ ያውቃል። ሳይዝ ሂንት ይሉታል። በተኑ ላይ «አስቀምጥ» ብላችሁ ብትጽፉ በዚያ ፎንት ስንት ፒክስል እንደሚፈልግ አስልቶ ለሌይአውቱ (ቦታ ለሚያደላድለው ክፍል) ይናገራል። ጽሑፉን «መዝግብና ደረሰኝ አትም» ብላችሁ ብትለውጡት እንደገና ያሰላል። ለአማርኛ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

የመለጠጥ ጠባዩም ገና ከመነሻው ጥሩ ነው። ሳይዝ ፖሊሲ የሚባል ደንብ አለ። የመጻፊያ ሳጥን ወደ ጎን ይሰፋል፣ ወደ ላይ ግን አያድግም። ሠንጠረዥ በሁለቱም በኩል ቦታ ይሻማል። ስለዚህ ሠንጠረዥና በተን አንድ ላይ ስትደረድሩ ሠንጠረዡ ያድጋል፣ በተኑ ቁመቱን ይጠብቃል። ከዚያ በላይ ማስተካከል ሲያስፈልግ በስትሬች ቁጥር ታካፍላላችሁ። ለግራው 1፣ ለቀኙ 3 ብትሉ ትርፉ ቦታ በዚያው ልክ ይከፋፈላል። ለቅጽ ደግሞ ፎርም ሌይአውት የሚባል አለ። መለያውንና ሳጥኑን ጎን ለጎን ይዞ፣ የመለያዎቹን ዓምድ በረጅሙ ጽሑፍ ልክ ያደርገዋል። «የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር» ገብቶ ሌሎቹ ሳጥኖች በሙሉ መስመራቸውን ጠብቀው ሲሰለፉ ማየት ደስ ይላል።

ፓይኪውቲ የሚባል ወንድም አለው፤ ኮዱ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ፈቃዱ ላይ ነው። ፓይኪውቲ ጂፒኤል በሚባል፣ ኮድን መክፈት በሚያስገድድ ፈቃድ ነው የሚሰጠው፤ ኮዳችሁን ሳትከፍቱ ልትሸጡ ከሆነ የንግድ ፈቃድ መግዛት አለባችሁ፣ ያውም በውጭ ምንዛሬ። ፓይሳይድ ላላ ባለው ኤልጂፒኤል በሚባል ፈቃድ ስለሆነ የፈቃዱን ግዴታ እስከጠበቃችሁ ድረስ ኮዳችሁን ሳትከፍቱ መሸጥ ትችላላችሁ። ለደንበኛ ሸጣችሁ ለምትኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ጉድለቱ ክብደቱ ነው። ታሽጎ ሲወጣ መቶ ሜጋባይት መሻገር አይከብደውም። በፍላሽ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ዊንፎርምስ

ሲሻርፕ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የምትችሉ ከሆነ በግማሽ ቀን ገጽ ታቆሙበታላችሁ። በተኑንና ሳጥኑን በማውዝ እየጎተቱ ማስቀመጥ ነው። አደጋው እዚያው ላይ ነው። የጎተታችሁት ሁሉ ከላይና ከግራ ታስሮ ይቀመጣል፤ መስኮቱ ሲሰፋ ሁሉም ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ ቀኙ ባዶ ይቀራል። መፍትሔው አንከር ነው። ሠንጠረዡን በአራቱም በኩል፣ «መዝግብ»ን ከታችና ከቀኝ እሰሩ። አንከር ግን የጽሑፍን ርዝመት አይረዳም። መለያው በአማርኛ ሲረዝም አጠገቡ ያለው ሳጥን ላይ ይወጣል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቴብል ሌይአውት ፓነል የሚባል አለ፤ ዓምዱን እንደ ጽሑፉ ልክ ያሰፋል። እሱን ከመጀመሪያው ካልተጠቀማችሁ በዊንፎርምስ አማርኛ አትሥሩ እላለሁ።

ደብሊውፒኤፍ

በ2006 እ.ኤ.አ. የመጣ ነው፤ የሌይአውት ሐሳቡ ግን ዛሬም ያስደንቀኛል። ግሪዱ ውስጥ ዓምዱን «አውቶ» ካላችሁት በይዘቱ ልክ ይሆናል፤ ኮከብ (*) ከሰጣችሁት የተረፈውን ቦታ ይወስዳል። መለኪያው ፒክስል ሳይሆን የኢንች 1/96ኛ ስለሆነ 150 በመቶ የተደረገ ስክሪንም አያስቸግረውም። አንድ ወጥመድ አለው። ሠንጠረዥ ስታክ ፓነል (ዕቃዎችን ከላይ ወደ ታች የሚደረድር መያዣ) ውስጥ ካስገባችሁ ማለቂያ የሌለው ቁመት ይሰጠዋል። ስክሮሉ አይመጣም፣ የታችኞቹ ረድፎች ከመስኮቱ ውጭ ይቀራሉ። ሠንጠረዥን ሁልጊዜ ግሪድ ውስጥ አድርጉ።

ደንበኛችሁ ዊንዶውስ ብቻ ከሆነና ሲሻርፕ ካወቃችሁ ከፓይሳይድ አያንስም። ሊኑክስ ላይ ግን አይሄድም።

የጃቫው ስዊንግስ? ድሮ የተጻፈ ፕሮግራም ካልወረሳችሁ በስተቀር አዲስ ሥራ አትጀምሩበት።

የምታሠሩ ሰዎች፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ፕሮግራሙን በራሳችሁ ኮምፒውተር አስከፍቱ። የመስኮቱን የታች ቀኝ ጥግ ይዛችሁ አጥብቡት፣ ከዚያ አስፉት። በተን ከጠፋ፣ ጽሑፍ ከተቆረጠ፣ ሠንጠረዡ ካልሰፋ፣ «ይስተካከል» በሉ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የእትዬን ፕሮግራም በፓይሳይድ እንደገና ጻፍኩት። በዕቃው ዝርዝርና በደረሰኙ መሐል ስፕሊተር አለ፤ በማውዝ ይዘው ወደፈለጉበት ይገፉታል። እሳቸው ዝርዝሩን ሰፋ ያደርጉታል፤ ከሰዓት የምትገባው ልጅ ደግሞ ደረሰኙን። ቦታውን ሴቭ እንዲያደርግ አድርጌዋለሁ፤ ማታ ዘግተውት ሄደው ጠዋት ሲከፍቱት ስፕሊተሩ የተዉት ቦታ ላይ ነው። «መዝግብ»ም ከታች በቀኝ በኩል ትታያለች።