በቀጠና የተቆለፈ እና ያልተቆለፈ የጌም ኮንሶል

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ጌም ቤት መደርደሪያ ላይ ከዱባይ የተገዛ ዲስክ በዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካ ከመጣው ጎን ተደርድሮ ማየት የተለመደ ስለሆነ፣ የቀጠና ቁልፍ፣ ማለትም ኮንሶሉ ለሌላ የዓለም ክፍል የታተመን ጌም እንዳያጫውት የሚያደርገው ገደብ፣ እዚህ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ፕሌይስቴሽን 2 የተቆለፈ በመሆኑ፣ ለአሜሪካ የተሠራው ማሽን ውስጡ ካልተነካካ በቀር ለአውሮፓ የታተመን ዲስክ አያነብም ነበር። ኒንቴንዶም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ስሪዲኤስ በተባለ በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። አምራቾቹ የትርጉም ሥራን፣ የዕድሜ ደረጃን እና የየአገሩን ዋጋ በምክንያትነት ያቀርባሉ፤ ይህ ለእነሱ ገበያ ይመች ይሆናል፣ የራሱ ቀጠና ተብሎ ያልታሰበለትን ገዢ ግን ያለ አግባብ ይቀጣል።

በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 እና በ2017 የወጣው የኒንቴንዶ ስዊች በአንጻሩ በአብዛኛው ከየትም የመጣን ጌም ያጫውታሉ። ለሐዋሳ ተጫዋች የምመርጠው ያለ ማመንታት ይህንን ነው። ሆኖም በፕሌይስቴሽን 4 ላይ በኢንተርኔት የሚገዛው ተጨማሪ ይዘት ከዲስኩ ቀጠና ጋር መስማማት ስላለበት፣ ከመክፈል በፊት ሽፋኑን ማየት ያስፈልጋል፦ የዕድሜ ደረጃው በአሜሪካው ዲስክ በፊደል፣ በአውሮፓው በቁጥር ይጻፋል። በ2025 የወጣው ስዊች 2 ደግሞ ለጃፓን ብቻ የተዘጋጀ ርካሽ ዓይነት ያለው ሲሆን፣ ቋንቋውም አካውንቱም በጃፓን የተወሰነ ስለሆነ በዋጋው ተስቦ መግዛት አይገባም።