ታጣፊው የአሉሚኒየም ወጥመድ ለአይጥ ቆጠራ ምን ያህል ያስተማምናል?

ትናንሽ አጥቢዎችን በሕይወት የሚይዘው ይህ ታጣፊ ሳጥን (በግምት 8 × 9 × 23 ሴንቲ ሜትር) ምልክት አድርጎ በመልቀቅና መልሶ በመያዝ ለሚሠራ ቆጠራ እጅግ አስተማማኝ ነው። ሲታጠፍ ስለሚሳሳ በርካታውን በአንድ ሻንጣ መሸከም ይቻላል።

ጣጣው ያለው መርገጫው፣ ማለትም እንስሳው ሲረግጠው በሩን የሚዘጋው ሳህን ላይ ነው። ከጠበቀ ቀላል አይጥ ለማጥመጃ የተቀመጠውን የለውዝ ቅቤና አጃ በልታ ትወጣለች፤ ከላላ በሩ በንፋስ ይዘጋል። ከሥሩ አፈር ከገባ ደግሞ ጭራሽ አይወርድም። ሁልጊዜ ከማጥመድ በፊት በእርሳስ ጫፍ ነካ አድርጎ መሞከር ያስፈልጋል። ብረቱ ቅዝቃዜ ስለሚያስተላልፍ ጥጥ ወይም ደረቅ ሣር ካልገባበት እንስሳው ሌሊቱን ላያልፍ ይችላል። ይህ ፈጽሞ ችላ ሊባል አይገባም! ጎህ ሲቀድ መፈተሽ፣ ፀሐይ ሳይበረታ መዝጋት ነው።

በመጀመሪያው ዙር 40 አይጦች ምልክት ተደርጎባቸው ቢለቀቁ፣ በሁለተኛው ከተያዙት 50 ደግሞ 10ሩ ምልክት ቢኖራቸው፣ የአካባቢው አይጦች ጠቅላላ ቁጥር ግምት 40 × 50 ÷ 10 = 200 ይሆናል። ናሙናው ትንሽ ሲሆን በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ 1 ደምሮ በመጨረሻ 1 የሚቀንሰው የቻፕማን ቀመር ይሻላል፤ እዚህ ላይ 41 × 51 ÷ 11 − 1፣ ማለትም 189 ገደማ ይሰጣል። ምግቡን የለመዱት ደጋግመው ከገቡ ግን ግምቱ ከእውነታው ያንሳል፤ ምልክት የተደረገባቸው ወጥመዱን ፈርተው ከራቁ ይበዛል። ይህን የትኛውም ጥሩ ሳጥን አያስቀረውም።