አዲስ ኮፒ ወይስ ያገለገለ ኦሪጅናል? አሮጌ ላንድክሩዘር ለምትገጣጥሙ

ደሴ ውስጥ አሮጌ ላንድክሩዘር ግቢው አቁሞ የሚፈታ ጓደኛዬ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «መለዋወጫ ስገዛ ኮፒውን (አስመስለው የሠሩትን) አዲስ ልግዛ ወይስ ኦሪጅናሉን ያገለገለ?» መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ብረት ከሆነ ያገለገለ ኦሪጅናል ግዙ። ላስቲክ ከሆነ ደግሞ ቢወደድም አዲስ ኦሪጅናል።

የኔዋ በፈረንጆቹ 1981 የተሠራች አጭሯ ናት። ሻንሲዋን አስበይጄ፣ ቀለም አስቀብቼ፣ መልሼ መግጠም ስጀምር እጄ ላይ ያለው ብር ተመናምኖ ነበር። ስለዚህ የፊት እግሯ ላይ ልቆጥብ አልኩ።

ሒሳቡ እንዲህ ነበር። በየጎማው የውስጥና የውጭ ኩሽኔታ (ጎማው ያለ ችግር እንዲዞር የሚያደርገው ሮለር ያለው ብረት) አለ፤ ለሁለቱም ጎን አራት። ኮፒው አንዱ 1,400 ብር ነበር፣ አራቱ 5,600። ሁለት ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት)፣ አንዱ በ300፣ ሲጨመር 6,200። ያገለገለው ኦሪጅናል ኩሽኔታ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አንዱ 1,800 ተባለ፣ አራቱ 7,200። አዲስ ኦሪጅናል ፓራኦሊዮ አንዱ 1,300። ድምሩ 9,800። አዲሱ ኦሪጅናል ኩሽኔታ አንዱ 5,500 ስለተባለ እሱን ተውኩት። ልዩነቱ 3,600 ብር ነው። ለዚያች ስል ኮፒውን ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ የጃፓን ስም አለ፤ ሻጩም በልጆቹ ምሎልኛል።

ሁለት ወር አልቆየም። ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የመንገዱ መስሎኝ ዝም አልኩ። ቁልቁለቱን ጨርሼ የቸርኬውን መሃል ብነካው ለበለበኝ። ጎማው በውስጥ በኩል በጥቁር ዘይት ተለቅልቋል። ሲፈታ የውጭው ኩሽኔታ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። የፓራኦሊዮው ከንፈር ደርቆ ተሰንጥቋል። የዲፈረንሻሉ ዘይት በዚያ ሾልኮ ከግራሶው ጋር ተቀላቅሎ አጥሚት መስሏል። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ብረትም ተበልቷል። ሜዳ አገር ቢሆን ትንሽ ይከርም ይሆናል። እኛ ግን በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 600 ሜትር ያህል ነው ቁልቁል የምንወርደው፤ የፊት ጎማ ደግሞ አብዛኛውን ሸክም ይቀበላል።

አሁን ደምሩ። ማስጎተቻ 6,000። በተበላው ብረት ፋንታ፣ ያገለገለ፣ 9,000። የእጅ 2,500። ከኮፒው 6,200 ጋር 23,700 ብር። ይሄ ሁሉ ትክክለኛው ዕቃ ሳይገዛ ነው። 9,800 ጨምሩበት፣ 33,500።

«ያገለገለ እኮ የሰው ትራፊ ነው» ይሉኛል። አዎ፣ ግን መርምራችሁ ትገዙታላችሁ። ኩሽኔታውን ሻጩ ፊት በናፍጣ እጠቡ። በዝግታ በጣት አዙሩት፤ ከቆረቆራችሁ ተዉት። ሮለሩ ላይ ነጠብጣብ ወይም ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ መልሱለት። ውጪኛውን ቀለበት ከራሱ ኩሽኔታ ጋር ውሰዱ፤ አብረው ስለኖሩ ሌላ ቀለበት አይስማማውም። ቁጥሩን በጥፍር ፋቁት። የኔ ኮፒ ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቆ ለቀቀ። የኦሪጅናሉ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ነው።

ፓራኦሊዮና የፍሬን ጎሚኒ (የፍሬን ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ) ግን ያገለገለ አይገዛም። ላስቲክ ሳይሠራም ያረጃል። የፍሬን ጎሚኒ ላይ ብር የሚቆጥብ ወዳጅ ካላችሁ እባካችሁ ለምኑት። ሐረጎ ላይ ቤተሰቡን ጭኖ ነው የሚወርደው።

ከዕቃው በፊት 54 ቁጥር ቡሶላ (ዳዶ መፍቻ) ግዙ። እኔ 2,200 ከፍያለሁ። ጋራዥ ብዙ ጊዜ ኩሽኔታውን የሚያስረውን የመሃል ዳዶ በስካርፔሎና በመዶሻ ነው የሚፈቱት። ዳዶው ይጎረድና መልሶ ሲታሰር ልኩ አይታወቅም። የጠበቀ ኩሽኔታ ይነዳል፣ የላላ ይጫወታል። ኦሪጅናሉም ቢሆን በዚህ አያያዝ አይተርፍም።

ኮፒ የምገዛው የማይዞር፣ ዘይት የማይዝና የማያቆም ነገር ብቻ ነው። ስፖኪዮ፣ የበር እጀታ፣ የመብራት መስታወት። የኔዋ ሁለቱም የፊት መብራቶች ኮፒ ናቸው፤ አንዱን በ1,100 ብር ነው የገዛሁት፣ እስካሁን ምንም አልሆኑም።