ዓይን ላይ ማዳመጫ ላስቀመጡት ዶክተር

ምስጋናም ጥቆማም ነው። ዶክተሯ ስማቸውን እንዳልጠቅስ ስለጠየቁኝ የሠሩትን ብቻ ልንገራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ከሞተር ሳይክል ወድቆ የራስ ቅሉ ግርጌ ተሰንጥቆ ነበር። ተኝቶ ታከመና ተሽሎት ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን አንድ ዓይኑ ደም መሰለ። ሽፋኑ አበጠ፣ ዓይኑም ወደ ውጭ ገፋ አለ። «ኢንፌክሽን ነው» ተባለና ጠብታ ታዘዘለት። ጠብታው ጠብ ያደረገለት ነገር የለም። ሌሊት ደግሞ «ጆሮዬ ውስጥ ሹ... ሹ... ይላል፤ ከልቤ ምት ጋር ነው የሚሄደው» እያለ እንቅልፍ አጣ።

እኚህ የዓይን ሐኪም ጋ የሄድነው ጠብታውን ለማስቀየር ነበር። እሳቸው ግን ገና ከመቀመጣችን «ጭንቅላትህን ተመተህ ታውቃለህ?» አሉት። መልሱን ሲሰሙ ዓይኑን አስጨፈኑትና የልብ ማዳመጫቸውን ሽፋኑ ላይ አሳረፉ። አዎ፣ ዓይኑ ላይ! አዳምጠው ሲጨርሱ ለእኔም አቀበሉኝ። ያ ወንድሜ የሚያማርርበት ድምፅ ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሮቲድ የሚባለው ትልቁ ደም ቅዳ ወደ አንጎል ሲያልፍ ከዓይን በስተኋላ ባለ የደም መልስ ከረጢት ውስጥ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ የደም ቅዳው ግድግዳ ከተቀደደ በከፍተኛ ግፊት የሚሄደው ደም ወደ ከረጢቱ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ዓይን ደም ስሮች ይመለሳል። መቅላቱም፣ ማበጡም፣ ድምፁም ከዚህ ነው። ችላ ከተባለ ዓይን ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ የተነሳው ሲቲ ስካን ደም ስርን አጉልቶ የሚያሳየው ቀለም ያልተወጋበት ስለነበር ስንጥቁን እንጂ የደም ስሩን ጉዳት አላሳየም።

ዶክተሯ በዚያው ቀን ሲቲ አንጂዮግራፊ፣ ማለትም ቀለም ተወግቶ ደም ስርን የሚያሳይ ሲቲ፣ አዘዙ። ውጤቱ ሲመጣ ራሳቸው ደውለው የአንጎል ደም ስርን በካቴተር (በደም ስር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ከሚያክሙ ባለሙያዎች ጋር አገናኙን። ለዚህ ቡድንም ምስጋናዬ ብዙ ነው። ሕክምናው ስትሮክ ጭምር ሊያመጣ እንደሚችል ሳይደብቁ ነገሩን። ኩላሊቱን መረመሩ፣ ለቀለሙ አለርጂ እንዳለው ጠየቁ። ከዚያ በብሽሽቱ ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ አንገቱና ከዚያ በላይ ወሰዱት። ቀለም እየለቀቁ ቀዳዳው የት እንደሆነና ደሙ ወዴት እንደሚፈስ አዩ። ኮይል በሚሉት የፕላቲነም ጥቅልል ከረጢቱን ሞልተው ቀዳዳውን ደፈኑት፤ ደም ቅዳውን ግን አተረፉለት። (ከመካከላቸው አንዱ ታሪክ ወዳድ ናቸው። በካቴተር ሄዶ ደም ስሩን ደፍኖ እዚያው የሚቀር ፊኛን ለዓለም ያስተዋወቀው ሶቪየታዊው ሐኪም ፊዮዶር ሰርቢኔንኮ እንደሆነና ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1974 እንደወጣ ያጫወቱኝ እሳቸው ናቸው።)

ወንድሜ ከማደንዘዣው ሲነቃ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። የዓይኑ መቅላት ቀስ በቀስ ለቀቀ። ሁለት ሁለት ማየቱ ገና አልተወውም። ዓይንን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ለማገገም ወራት ሊወስድ ስለሚችል ዶክተሯ እየተከታተሉት ነው።

እንግዲህ ጥቆማዬ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ዓይኑ ከቀላና ከወጣ፣ ጆሮው ውስጥ ከልብ ምት ጋር የሚሄድ ድምፅ ከሰማ፣ ወይም ከቀናት ከሳምንታት በኋላ ከአፍንጫው ብዙ ደም ከፈሰሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። አፍንጫው የሚደማው የተጎዳው ደም ቅዳ ተለጥጦ አብጦ ስለፈነዳ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ገዳይ ነው። ስለ አደጋው እናንተው ቀድማችሁ ተናገሩ። «ደም ስሩ በቀለም ይታይ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሪፈር ስትባሉም የአንጎል ደም ስርን በካቴተር የሚያክም ባለሙያ ያለበትን ቦታ አጣሩ፤ የቀድሞ ምስሎቹን በሲዲ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወረቀቱ ብቻ አይበቃቸውም።