ሪፕግሬፕ ከወራት በኋላ፦ ስለ ፍጥነቱ አታውሩልኝ

ሪፕግሬፕ እንደ ቀደምቱ ግሬፕ ፋይሎች ውስጥ ጽሑፍ የሚፈልግ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ነው። ነፃ ነው፤ አሻሻጭ ግን አላጣም። ሁሉም የሚጀምሩት ከአንድ ቦታ ነው፦ «በረስት ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ የፕሮሰሰሩን ኮሮች በሙሉ ያሠራል፣ ከግሬፕ በብዙ ይፈጥናል።» ይሁን። የኔ ፕሮጀክት ትንሽ ናት፤ ግሬፕም ቢሆን ሳልተነፍስ ይጨርሳታል። ነገሩ ፍጥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት አራግፌው ነበር።

ያስቀረኝ አማርኛ ነው።

የምንሠራው መተግበሪያ ገጹ በአማርኛ ነው፤ የትርጉም ፋይሎቹ ደግሞ የብዙ ሰው እጅ አለባቸው። አንዱ «ሂሳብ» ይላል፣ ሌላው «ሒሳብ» (እኔ የሐመሩ ሒ ወገን ነኝ፤ ክርክሩን ለሌላ ቀን)። አንድ ለማድረግ ዶከር ኮንቴይነር (ለብቻው የተከለለ ትንሽ የሊኑክስ አካባቢ) ውስጥ ገብቼ ግሬፕን «የ[ሂሒ]ሳብ» ብዬ ጠየቅኩት፤ ቅንፉ «ከሁለቱ አንዷ» ማለት ነው። ባዶ! ፋይሉን ስከፍተው ቃሉ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ግሬፕ ግን ስህተት አለ እንኳ አላለም፤ ዝም።

ምክንያቱ ይኸው፦ ዴቢያን በተባለው ሊኑክስ ላይ የተመሠረቱ ኢሜጆች (ኮንቴይነር የሚነሳባቸው ቅጂዎች) ካልነገሯቸው በቀር ሎካላቸው፣ ማለትም የቋንቋና የፊደል ቅንብራቸው፣ አማርኛን የሚያውቀው የፊደል ኮድ ዩቲኤፍ-8 አይደለም። እዚያ ግሬፕ የሚያየው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። «ሂ» 3 ባይት ናት፤ ቅንፉ የሚይዘው 1 ባይት ብቻ። ስለዚህ በ«የ» እና በ«ሳብ» መካከል ፊደሏ የምትገባበት ቦታ የለም።

«ታዲያ ሎካሉን አስተካክል እንጂ ግሬፕን ምን አድርግ ትለዋለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ ሲስተካከል ያገኘዋል። ግን ለምን ኮንቴይነር በተነሳ ቁጥር እኔ ላስታውስ? ሪፕግሬፕ ሎካል የሚባል ነገር አይጠይቅም፤ ፋይሉን እንደ ዩቲኤፍ-8 ያነባል። ተርጓሚው ዊንዶውስ ላይ በሌላው የፊደል ኮድ በዩቲኤፍ-16 አስቀምጦ ቢልክ እንኳ የፋይሉ መነሻ ላይ ያለችውን ምልክት አይቶ ራሱ ይለውጠዋል።

ከዚያ የባሰ ደስ ያለኝ ሌላ ነው። አማርኛ ቃል መጨረሻው አይረጋም፦ ሂሳቡ፣ ሂሳቤ፣ ሂሳባችሁ። ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት) ፊደላችንን በየቤቱ በተርታ ስላስቀመጠው «[ሂሒ]ሳ[በ-ቧ]» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ከ«በ» እስከ «ቧ» ያለው በሙሉ ይገባል። የኢትዮጵያን ፊደል እንዳለ በአንድ ምልክት መጥራትም ይቻላል። በዚያች ምልክት ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፉ፣ ትርጉም ፋይል ውስጥ መግባት የነበረባቸውን የአማርኛ ጽሑፎች አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ይህን ከአሻሻጮቹ አንዱም አልነገረኝም።

የሚያናድድ ነገር አለው። ጊትኢግኖር (ጊት እንዲተዋቸው የተነገሩት ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ ያለውን፣ የተደበቀውንና ባይነሪውን (ጽሑፍ ያልሆነውን) ሳይነግር ይዘላል። በቢልድ ጊዜ የሚፈጠረውን የትርጉም ፋይል ስፈልግ «የለም» ያለኝ ለዚህ ነው። «ዩ» የምትለዋን አማራጭ ሦስት ጊዜ ሲደግሙለት ሁሉንም ያያል፤ ግን ቢያንስ «ይህን ያህል ፋይል ዘልያለሁ» ቢል ምን ነበረበት?

አንድሩ ጋላንት እ.ኤ.አ. በ2016 ሪፕግሬፕን ጽፎ ሲያወጣ የኛን ሂሳብና ሒሳብ አስቦ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ግድ የለኝም። «እኔ አዲስ ነገር አልለምድም፣ የኮድ መጻፊያዬ ቪኤስ ኮድ ይበቃኛል» ለሚለው የሥራ ባልደረባዬም መልሴ አጭር ነው፦ ቪኤስ ኮድ ውስጥ የሚፈልግልህ እሱው ሪፕግሬፕ ነው።

ግሬፕን አላባረርኩትም። ምንም መጫን በማይፈቀድበት የደንበኛ ሰርቨር ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ እዚያ ስገባ መጀመሪያ የምጽፈው የሎካል መስመሩን ነው፣ እያጉረመረምኩ።