ቀለም አድማቂው የዓሣ ምግብ ከ9 ወር በኋላ

ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ «ሁሉንም ቀለም» እንደሚያደምቅ ቃል ይገባል። ጥንድ ክላውንፊሾቼን ይህን ምግብ ስመግብ 9 ወር ሆነኝ፤ ተራዎቹን፣ ሦስት ነጭ ቀበቶ የታጠቁትን ብርቱካናማ ኦሴላሪሶች ማለቴ ነው። ለውጥ አይቻለሁ። ያየሁትን ሁሉ ያመጣው ግን ምግቡ አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ወንዱ ከደበዘዘ ቢጫ ወደ ደህና ብርቱካናማ ተሻገረ። ይህ ያስኬዳል፦ የብርቱካናማው መልክ ምንጭ ካሮቲኖይድ የሚባለው ከቢጫ እስከ ቀይ ያለውን ቀለም የሚሰጥ ንጥረ ነገር ነው፤ ዓሣ ደግሞ ካሮቲኖይድን በራሱ ስለማይሠራ ከሚበላው ያገኘዋል። በምግቡ ውስጥ ያለው አስታክሳንቲን ከዚሁ ወገን ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የምሰጣቸው ሽሪምፕም አስታክሳንቲን ስላለው ምስጋናውን ለሁለቱ አካፍላለሁ።

በአራተኛው ወር ሴቷ ጠቆረች። ጎኗና ከንፈሯ ጥላሸት የነካው መሰለ። ጠርሙሱን ልጥለው ተነሥቼ ነበር። አንድ ወዳጄ ደግሞ «ጾታዋን እየቀየረች ይሆናል» አለኝ። እውነት ነው፣ ክላውንፊሾች ሁሉ መጀመሪያ ወንድ ናቸው፤ ከጥንዱ ገናናው ነው በኋላ ሴት የሚሆነው። የእኔዋ ግን ከዚያ በፊት እንቁላል ጥላለች፤ ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ የለም።

ነገሩን የገለጠልኝ ጥቁሩ የወጣበት ቦታ ነው። ከመጥቆሯ ሳምንት ቀደም ብሎ አኔሞኒ፣ ማለትም ክላውንፊሾች የሚጠለሉበትን ነዳፊ የባሕር እንስሳ፣ አስገብቼ ነበር፤ እርሷ ቀድማ ገብታ ቀኑን ሙሉ ትታሸው የነበረው በዚያው ጎኗ ነው። ወንዱ ከዳር ሆኖ ሲያያት ሰነበተ፤ ያንኑ ምግብ እየበላ አንዲት ጥቁር ነጥብ አልወጣበትም። ክላውንፊሽ ከአዲስ አኔሞኒ ወይም ከሚነድፍ ኮራል ጋር ሲላመድ እንዲህ መጥቆሩ የታወቀ ነው። ጥቁሩ ሜላኒን ነው፤ ዓሣው ራሱ ያመርተዋል። ምግቡን ሳልቀይር በስድስት ሳምንት ገደማ ደብዝዞ ጠፋ።

ነጩ ቀበቶ ደግሞ ብርሃን የሚያንጸባርቁ ጥቃቅን ክሪስታሎች የያዙ ሕዋሳት ሥራ ነው። በ9 ወር ውስጥ ቅንጣት አልተለወጠም። እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ያለውን «ሁሉንም ቀለም» ከሦስቱ አንዱን ብላችሁ አንብቡት።

ለውጡን በፎቶ የምትከታተሉ ከሆነ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ነጭ መብራት፣ በአንድ ሰዓት አንሡ። ሰማያዊው መብራት የዓሣውን መልክ ይለውጠዋል፤ ሌሊቱን በጨለማ ያደሩ ዓሦችም መብራቱ እንደበራ ገርጥተው ይታያሉ። እኔ የመጀመሪያ ወር ፎቶዎቼን በዚህ ምክንያት ጥያቸዋለሁ።

የምግቡ ትልቁ ጉድለት መጠኑ ነው። እንክብሉ ለወንዱ አፍ ይተልቃል፤ ሳይፈጭ ሲሰጠው ይተፋዋል፣ የተተፋው ደግሞ ከታች በስብሶ ውሃውን የሚያቆሽሸውን ናይትሬት ይጨምራል። በጣቴ እያደቀቅሁ መስጠት ከጀመርኩ ወዲህ ይህ ቀርቷል። ጠርሙሱም ለሁለት ዓሣ እጅግ ይበዛል። አስታክሳንቲን በአየርና በብርሃን ስለሚበላሽ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ መሸጡ አይገባኝም። በመጨረሻዎቹ ወራት ሽታው ተለውጦ ስለነበር ሲሶውን ደፋሁት።

ሁለተኛ ገዝቻለሁ፣ ትንሹን። መሳቢያ ውስጥ ነው የማስቀምጠው።