የሺያኦሚ የሰውነት ይዘት ሚዛን 2፦ የሚለካውና የሚገምተው

ይህ ሚዛን በራሱ የሚለካው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ክብደት ነው። ሁለተኛው፣ በአንድ እግር ገብቶ በሌላው የሚወጣ የማይሰማ ደካማ ኤሌክትሪክ በመንገዱ የሚገጥመው ሬዚስታንስ (እንዳያልፍ የሚያግደው ነገር) ነው። አፑ ላይ የሚደረደሩት የስብ መቶኛ፣ ጡንቻ፣ ውሃ፣ አጥንት፣ ፕሮቲን፣ የሆድ ዕቃ ስብና «የሰውነት ዕድሜ» ሁሉ ከእነዚህ ሁለቱና እርስዎ ከሞሉት ቁመት፣ ዕድሜና ጾታ በቀመር የተሰሉ ግምቶች ናቸው። «13 መረጃ ይሰጣል» ሲባል 13 ጊዜ ይለካል ማለት አይደለም።

በክብደት በኩል ጥሩ ዕቃ ነው። በ50 ግራም እየከፈለ እስከ 150 ኪሎ ይመዝናል። ጭነቱን የሚያነቡት ከሥሩ ባሉት አራት እግሮች ያሉ ሴንሰሮች ስለሆኑ ግን ወለሉ ወሳኝ ነው። ሴራሚክ ወይም ልስን ሲሚንቶ ይስማማዋል። ምንጣፍ ወይም የሚረግብ ጣውላ ላይ ሲቀመጥ ጭነቱ በአራቱ እግሮች ላይ በደንብ ስለማያርፍ ቁጥሩ በቆሙ ቁጥር ይለዋወጣል። ከቦታ ቦታ ካዘዋወሩት ወዲያው አይቁሙበት፤ በእግርዎ ጫን አድርገው ያብሩት፣ ዜሮ እስኪያሳይ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይቁሙ። ለመፈተሽ የሱቅ ውሃ ይበቃል፦ መጀመሪያ ብቻዎን፣ ቀጥሎ ስድስት ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ አቅፈው ይመዘኑ። ልዩነቱ ከ12 ኪሎ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፤ ትርፉ የፕላስቲኩ ነው። 11 ተኩል ወይም 13 ካለ ወለሉን ይቀይሩ፤ አሁንም ካልተስተካከለ ለሻጩ ይመልሱት።

ስቡ ላይ ነገሩ ይለያል። በሰውነታችን ስብ ያልሆነው ክፍል 73 በመቶ ገደማ ውሃ ነው፤ ውሃና በውስጡ ያለው ጨው ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ። ስብ ውሃው ጥቂት ስለሆነ መንገዱን ያከብደዋል። ሚዛኑ ሬዚስታንሱንና ቁመትዎን ይዞ ውሃውን ይገምታል፤ ከውሃው ተነስቶ ስብ ያልሆነውን ክፍል ይገምታል፤ ያንን ከክብደትዎ ይቀንስና የተረፈውን ስብ ይለዋል። ስብን በቀጥታ ያየበት ቦታ የለም። ይህን በ5 ደቂቃ ማየት ይቻላል፦ ይመዘኑ፣ 1 ሊትር ውሃ ይጠጡ፣ ወዲያው እንደገና ይመዘኑ። ክብደቱ በ1 ኪሎ ይጨምራል፤ ሆድ ውስጥ የገባው ውሃ ግን ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበትን የእግር መንገድ ገና ስላልለወጠው ጭማሪው በአብዛኛው ስብ ተብሎ ይመዘገባል።

ሁሉም ነገር በደንብ ተሠርቶ እንኳ የዚህ ዓይነት ሚዛን የስብ መቶኛ፣ ዴክሳ ከሚባለው የኤክስሬይ ምርመራ ከ3 እስከ 5 ነጥብ ቢለይ አያስገርምም። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 24 በመቶ ስብ አለው ቢባል 18 ኪሎ ማለት ነው፤ የ4 ነጥብ ስህተት ይህን 15 ወይም 21 ኪሎ ያደርገዋል። በ15 እና በ21 መካከል ያለው ርቀት የብዙ ወራት ልፋት ስለሆነ፣ ከአንድ ቀን ቁጥር ተነስቶ «ስቤ ይህን ያህል ነው» ብሎ መወሰን አይገባም።

ለኢትዮጵያውያን ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ቀመሮቹ የሚሠሩት በተወሰኑ ሕዝቦች ላይ በተወሰደ ልኬት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያነጻጸረ ሥራ እንዳሳየው፣ ዕድሜው፣ ጾታውና የስብ መቶኛው እኩል የሆነ ኢትዮጵያዊ ከአውሮፓዊ ጋር ሲተያይ ቢኤምአዩ (በኪሎ ያለው ክብደት፣ በሜትር ያለው ቁመት በራሱ ተባዝቶ ሲካፈልለት የሚገኘው ቁጥር) በ4.6 ያንሳል። ስለዚህ ለአውሮፓውያን የተሠራና በክብደትና በቁመት ላይ ብዙ የሚደገፍ ቀመር የቀጭን ሰው ስብ አሳንሶ ሊናገር ይችላል። በሌላ በኩል ረጅምና ቀጭን እግር ለኤሌክትሪክ ረጅምና ጠባብ መንገድ ስለሆነ ሬዚስታንሱን ከፍ ያደርጋል፤ ያ ደግሞ ስቡን ያበዛዋል። ሁለቱ ስህተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጎትቱ ቁጥሩ ላይ ይህን ያህል ደምሮ ወይም ቀንሶ ማረም አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አፑ ላይ የሞሉትን የትውልድ ዘመን ይመልከቱ። በ1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው 1985 ብሎ ከሞላ አፑ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይወስደውና በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጀዋል። ቀመሮቹ በአብዛኛው ዕድሜ ሲጨምር ስብ ስለሚጨምሩ ሚዛኑ ሳይበላሽ ውጤቱ ይበላሻል። ትክክለኛው ዘመን እንደ ልደቱ ወር 1992 ወይም 1993 ነው። ቁመትም በግምት አይሞላም፤ ጫማ አውልቀው፣ ተረከዝን ግድግዳ አስነክተው ይለኩ።

አለካኩ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ጠዋት ከእንቅልፍ ተነስተው፣ ከመጸዳጃ ቤት ተመልሰው፣ ከአልጋ ከወረዱ 15 ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ፣ ቡናም ውሃም ሳይቀምሱ ይቁሙ። ተኝተን ስናድር ፈሳሽ በሰውነት ይሰራጫል፤ ቀን ስንቆም ወደ እግር ይወርዳል። ማታ የሚለካ ሰው ስቡ ያነሰ የሚመስለው እግሩ ውሃ ስላቆረ ነው። ከስፖርት ወይም ከሙቅ ሻወር በኋላም ቆዳው ሞቆ ደም ስለሚበዛበት ስቡ ያንሳል፤ በላብ ብዙ ውሃ ከወጣ ደግሞ በተቃራኒው ይጨምራል። ተረከዛቸው ለነቃባቸው ወይም እግራቸው ለጠነከረባቸው ሰዎች ደረቁ ቆዳ ራሱ ሬዚስታንስ ይጨምራል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርገው ይቁሙ። አራቱን የብረት ቦታዎች በባዶ እግር በደንብ ይርገጡ። ጭኖች ከተነካኩ ኤሌክትሪኩ አቋራጭ ያገኛል፤ እግርን ትንሽ ከፈት ማድረግ ይረዳል።

በሳምንት 3 ቀን ለክተው አማካዩን ይጻፉ፤ ማነጻጸር ያለበት የዚህ ወር አማካይ ካለፈው ወር አማካይ ጋር ነው። በአንድ ሌሊት የመጣ የ1 ወይም የ2 ነጥብ ለውጥ ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። ሴቶች ከወር አበባ በፊት ውሃ ስለሚይዙ ከወሩ ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ቢያወዳድሩ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

የጾም ወቅት ለብቻው መታየት አለበት። በረመዳን ቀን ላይ ውሃ ሳይጠጡ የተመዘኑት ቁጥር ስብን ያበዛል፤ ከሱሁር በፊት ወይም ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይለኩ። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾሙም እንዲሁ ነው። የሚበላው ሲቀንስ በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስኳር ይወጣል፤ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ስለሚሄድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት 1 ወይም 2 ኪሎ ቢወርድ አፑ «ጡንቻ ቀነሰ» ይላል። የወጣው በአብዛኛው ውሃ ነው፤ በፋሲካ ሳምንት ተመልሶ ይገባል።

የሆድ ዕቃ ስብ ቁጥሩን ጭራሽ ባይመለከቱት እንመክራለን። ኤሌክትሪኩ በአንድ እግር ወጥቶ በታችኛው ሆድ አልፎ በሌላው ይወርዳል እንጂ ደረትንና የላይኛውን ሆድ አያይም። ለዚህ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበልጣል፦ በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ያለውን ቦታ ይፈልጉ፣ ትንፋሽዎን እንደወትሮው ያውጡ፣ ሜትሩን ሳያጠብቁ ይለኩ። ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲሜትር ሲደርስ የስኳርና የልብ ሕመም ሥጋት መጨመር ይጀምራል። የአጥንት ቁጥሩም ከቀመር የወጣ ነው፤ የአጥንት መሳሳትን በፍጹም አያሳይም።

የተሻለ የሚፈልግ በእጅ የሚያዝ እጀታ ያለውንና በ8 የብረት ነጥብ እጅና እግርን የሚነካውን ዓይነት ይመልከት፤ እጅንና ደረትን ስለሚያካትት ግምቱ ሰፋ ያለ መሠረት አለው። በአንዳንድ ጂሞች የሚገኘው ኢንቦዲ 270 እንዲህ ያለ ነው፤ በ20 እና በ100 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሁለት ዓይነት የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ ይለካል። እሱም ቢሆን ውሃን ነው የሚያነበው። የጂሙን ውጤት ከቤቱ ጋር አያነጻጽሩ፤ ቀመራቸው ይለያያል።

ልብ ላይ የሚተከል መሣሪያ ያለው ሰው ኤሌክትሪክ የሚለቅ ሚዛን ላይ መቆም የለበትም፤ ተራ ዲጂታል ሚዛን ይግዛ። እርጉዞችና እግራቸው ያበጠ ሰዎች የስብ ቁጥሩ አይሠራላቸውም። የልብ ድካም ላለበት ግን ክብደቱ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው፦ በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ውሃ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ይስማ።

ዋጋው ከተራ ዲጂታል ሚዛን ብዙ ካልራቀ ይገዛል፤ ተጨማሪ ቁጥሮች ስላሉት ብቻ እጥፍ የሚጠየቅበት ሌላ ባለአራት የብረት ነጥብ ሚዛን አያዋጣም። ስክሪኑ የሚያሳየው ክብደት ብቻ ስለሆነ ስማርት ስልክ ለማይጠቀሙ አባትና እናት ሌላው ሁሉ የለም ማለት ነው። በአንድ ቤት ክብደታቸው የሚቀራረብ ሁለት ሰዎች ካሉ አፑ የአንዱን ለሌላው ሊመዘግብ ይችላል፤ ከመቆምዎ በፊት በራስዎ ስም መግባቱን ይዩ። ሚዛኑ በአራት የሪሞት ባትሪ ይሠራል።